ሕልም የጀመረው፣ ትጋት የፈጸመው፤ የመናፍስትና የፍቅር ልብ ወለድ ደራስያን የአሠራር ታሪክ

ሙታን ከመቃብር ተነሥተው ከሕያዋን ጋራ የሚነጋገሩበትን፣ ደም መጣጭ መኰንን በአንዲት ወጣት ፍቅር የሚነደፍበትን፣ የአሮጌ ግንብ ግድግዳ የባለቤቱን ኀጢአት የሚያጋልጥበትን ልብ ወለድ የሚጽፉ ደራስያን፣ «ይህ ሐሳብ ከወዴት መጣላችሁ?» ተብለው በተጠየቁ ጊዜ ብዙዎቹ «በሕልም አየነው» ብለው ይመልሳሉ። ይህ መልስ የዛሬ ፈጠራ አይደለም፤ የድርሰቱ ዘር በእንግሊዝ አገር ከተዘራበት ከ1764 ዓ.ም. ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ የሚነሡት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ከደራሲ ወደ ደራሲ ሲወራረስ የኖረ የሙያው ልማድ ነው። የዮሴፍንና የዳንኤልን ታሪክ እየሰማ ያደገ የእኛ አገር አንባቢም ሕልምን የሚንቅ ስላልሆነ፣ መልሱን አሜን ብሎ ለመቀበል አይቸገርም። ነገር ግን እነዚህ ደራስያን ትተዋቸው ያለፉት ረቂቆች፣ ደብዳቤዎችና የማስታወሻ ደብተሮች በየቤተ መጻሕፍቱ ተጠብቀው ስለሚገኙ፣ በመቅድም የተነገረውን ቃል ከረቂቁ ጋራ አስተያይቶ መመርመር ይቻላል፤ በተመረመረም ጊዜ፣ ሕልሙ ሐሰት ነው ባይባልም፣ ድርሻው ከዘር ቅንጣት የማያልፍ ሆኖ፣ የቀረው ሁሉ የንባብ፣ የኀዘንና የረጅም ሌሊት ድካም ፍሬ ሆኖ ይገኛል።

የዚህ ድርሰት አባት የሚባለው ሆሬስ ዋልፖል፣ የእንግሊዝ የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ተብሎ የሚቈጠረው የሰር ሮበርት ዋልፖል ልጅ፣ በምክር ቤት ወንበር የነበረውና ለዕለት ጉርሱ የማይጨነቅ ሰው ነበር። ከለንደን አጠገብ በቴምዝ ወንዝ ዳር፣ በትዊክንሃም፣ ስትሮውቤሪ ሂል የተባለውን ቤት ገዝቶ፣ በመካከለኛው ዘመን አብያተ ክርስቲያናትና ግንቦች አምሳል ሾጣጣ ቅስት፣ ባለ ቀለም መስታወትና የተቀረጸ ደረጃ እየጨመረበት፣ ጥንታዊ የጦር ልብስና ሥዕል እየሰበሰበበት ለብዙ ዓመታት ሲያሳንጸው ኖረ። በ1764 ዓ.ም. በሰኔ መጀመሪያ ባንዲት ሌሊት፣ በአንድ ጥንታዊ ግንብ ውስጥ የቆመ መስሎት፣ በታላቁ ደረጃ ላይኛው መደገፊያ ላይ ጥሩር የለበሰ እጅግ ግዙፍ እጅ በሕልሙ አየ፤ ማታውንም ምን እንደሚጽፍ ሳያውቅ ብዕሩን አነሣ። ለወዳጁ ለቄስ ዊልያም ኮል በመጋቢት 1765 በላከው ደብዳቤ እንደሚያስረዳው፣ መጽሐፉን የፈጸመው ከሁለት ወር ባነሰ ጊዜ ነው፤ አንድ ምሽትም ሻዩን ከጠጣ በኋላ ከዐሥራ ሁለት ሰዓት አንሥቶ እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ተኩል ድረስ ሲጽፍ ቈይቶ፣ እጁና ጣቶቹ ዝለው ዐረፍተ ነገሩን መጨረስ አቅቶታል።

እንግዲህ አስተዋይ አንባቢ ሁለት ነገር ልብ ይበል። አንደኛው፣ ያ ግዙፍ እጅ የታየው ጥሩርና የጥንት ዘመን ዕቃ ሲሰበስብ ለኖረ፣ የሚተኛበትንም ቤት በግንብ አምሳል ላሠራ ሰው መሆኑ ነው፤ ሕልሙ ሌሊት ቢመጣም ቀኑን ሁሉ ሲዘጋጅ የዋለ ነበር። ሁለተኛው፣ «የኦትራንቶ ግንብ» የተባለው መጽሐፍ በ1764 ዓ.ም. በገና ዋዜማ በ500 ቅጂ ታትሞ ሲወጣ፣ ደራሲው ስሙን ደብቆ፣ በ1529 ዓ.ም. በኔፕልስ ከታተመ የአንድ ካህን ድርሰት የተተረጐመ ነው ማለቱ ነው። ዘመኑ ልቡና የነገሠበት፣ የመናፍስት ወሬ ለባልቴትና ለባላገር የተተወበት ስለ ነበረ፣ የምክር ቤት ሰው እንዲህ ያለውን ነገር በስሙ ማሳተም አፈረ፤ አንባቢ መጽሐፉን ወድዶ በተቀበለው ጊዜ ግን በ1765 ዓ.ም. በሁለተኛው እትም እኔ ነኝ ብሎ ገለጠ፣ «የጎቲክ ታሪክ» የሚል ንኡስ ርእስም ጨመረበት።

ይህን ጥበብ ከመኳንንት ጨዋታ አውጥታ የእንጀራ ሙያ ያደረገችው አን ራድክሊፍ ናት። ዋልፖል ሕልሙን ባየበት ዓመት በለንደን የተወለደችው ይህች ሴት፣ በ1787 ዓ.ም. የጋዜጣ ሰው የነበረውን ዊልያም ራድክሊፍን አገባች፤ ልጅም አልወለዱምና፣ ባሏ በሥራው ምክንያት ከቤት ውጭ የሚያመሽባቸውን ረጃጅም ሰዓታት ለመጻፍ አዋለቻቸው። ከ1789 እስከ 1797 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ አምስት ልብ ወለዶች አሳተመች፤ ስለ አራተኛው፣ ስለ «የኡዶልፎ ምሥጢራት»፣ 500 ፓውንድ፣ ስለ አምስተኛውም 800 ፓውንድ ተከፈላት፤ ይህም ለዘመኑ ደራሲ ያልተለመደ ገንዘብ ነበር። የሚያስደንቀው ነገር፣ እንግሊዛውያን አንባቢዎቿን በኢጣልያ ተራሮችና ገዳማት እየመራች ስታስፈራ፣ እርስዋ ኢጣልያን ፈጽማ ያላየች መሆኗ ነው። ገደሉን፣ ጫካውንና የምሽቱን ብርሃን የወሰደችው ከሳልቫቶር ሮዛና ከክሎድ ሎሬን ሥዕሎች፣ ከመንገደኞችም መጻሕፍት ነበር። ከሞተች በኋላ በ1826 ዓ.ም. በታተመ ሐተታዋ፣ ስውር የሆነውና ግማሹ ያልተገለጠው ፍርሃት ነፍስን እንደሚያሰፋና እንደሚያነቃ፣ በግልጽ የሚታየው ዘግናኝ ነገር ግን ነፍስን እንደሚያጠብና እንደሚያደነዝዝ ለይታ አስተምራለች። ከ1797 ዓ.ም. በኋላ ዝም ባለች ጊዜ፣ በገዛ መናፍስቷ አብዳለች የሚል ወሬ ተነዛ፤ እውነቱ ግን በ1823 ዓ.ም. እስክትሞት ድረስ ከባሏ ጋራ በጸጥታ መኖሯ፣ በየበጋውም የእንግሊዝን አገር እየዞረች የጕዞ ማስታወሻ መጻፏ ነው። ሕዝብ የአስፈሪ ነገር ጸሐፊ ራሱ የተለከፈ እንዲሆን ይወዳልና፣ የጸጥተኛዪቱን ሴት ጠረጴዛ ለማመን ተቸገረ።

የሕልም ነገር ከተነሣ ዘንድ፣ የኢትዮጵያ ስም በዚህ ታሪክ ውስጥ የገባበትን መንገድ ሳያነሡ ማለፍ አይገባም። ሳሙኤል ጆንሰን የኢየሱሳዊውን የሎቦን የሐበሻ ጕዞ በ1735 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝኛ ከመለሰ በኋላ፣ በ1759 ዓ.ም. የእናቱን የቀብር ወጪ ለመሸፈን ባንድ ሳምንት ምሽቶች የጻፈው «ራስላስ»፣ ይኸውም ኋላ ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ የመለሰው መጽሐፍ፣ የነገሥታት ልጆች በተራራ ተከበው የሚጠበቁበትን ስፍራ በእንግሊዝ ደራስያን ልቡና ውስጥ ተክሎት ነበር። በ1797 ዓ.ም. ባለ ቅኔው ሳሙኤል ቴይለር ኮልሪጅ፣ ኦፒየም ያለበት መድኀኒት ወስዶ የፐርቸስን የጕዞ መድበል ሲያነብ እንቅልፍ ጣለው፤ በእንቅልፉም ከ200 እስከ 300 የሚደርስ የግጥም መስመር እንደ ተገለጠለት፣ ነቅቶም ሲጽፍ ከፖርሎክ የመጣ ሰው ስላቋረጠው የቀረው እንደ ጠፋበት ተናገረ። «ኩብላ ካን» በተባለው በዚያ ግጥም ውስጥ በገና መሳይ መሣሪያ እየመታች ስለ አንድ ተራራ የምትዘምር ኢትዮጵያዊት ልጃገረድ አለች፤ ተራራውም በእጅ ጽሑፉ ላይ አማራ ተብሎ ተጽፎ የነበረ፣ ሊቃውንትም ከአምባ ግሼን ወሬ ጋራ የሚያገናኙት ነው። የሐርቫርዱ መምህር ጆን ሊቪንግስተን ሎውስ በ1927 ዓ.ም. ባሳተመው ታላቅ መጽሐፍ፣ ኮልሪጅ ያነበባቸውን መጻሕፍት አንድ በአንድ ተከታትሎ፣ ከፐርቸስ ሌላ የጄምስ ብሩስ የዐባይ ምንጭ ጕዞ ሳይቀር በሕልሙ ውስጥ መግባቱን አሳይቷል። እንቅልፉ ያቀናጀው ባለ ቅኔው ነቅቶ ሳለ ለዓመታት ያነበበውን ነበር ማለት ነው።

ይህ ግጥም፣ «ክሪስታቤል» ከተባለው የመናፍስት ግጥም ጋራ፣ በሎርድ ባይረን ጐትጓችነት የታተመው በ1816 ዓ.ም. ነው፤ ያም ዓመት ለዚህ ሙያ ዐቢይ ዓመት ሆነ። በሚያዝያ 1815 በደቡብ ምሥራቅ እስያ ደሴቶች የሚገኘው የታምቦራ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ዐመዱ ሰማዩን ስለ ሸፈነው፣ የሚከተለው ዓመት በአውሮፓ ክረምትና በጋው ያልተለየበት ሆኖ ነበር። በጄኔቫ ሐይቅ ዳር ቪላ ዲዮዳቲ በተባለው ቤት የከረመው ባይረን፣ ሐኪሙ ዮሐንስ ፖሊዶሪ፣ ባለ ቅኔው ፐርሲ ሼሊ፣ ኋላ ሚስቱ የሆነችው የ18 ዓመቷ ሜሪና የእንጀራ እኅቷ ክሌር፣ ከዝናቡ ተጠልለው ከጀርመንኛ ወደ ፈረንሳይኛ የተመለሰ የመናፍስት ተረት መድበል ያነብቡ ነበር። ባይረንም ሁላቸው እያንዳንዳቸው አንዳንድ የመናፍስት ታሪክ ይጻፉ ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ሰኔ 18 ሌሊት «ክሪስታቤል»ን በቃሉ ባሰማ ጊዜ፣ ሼሊ ጮኾ ሻማ ይዞ ከክፍሉ እንደ ሮጠ ፖሊዶሪ በዕለት ማስታወሻው መዝግቦታል።

ሜሪ ሼሊ በ1831 ዓ.ም. እትም መቅድም ላይ እንደ ተረከችው፣ ለብዙ ቀን ሐሳብ አጥታ፣ በየማለዳው «ታሪክ አገኘሽ?» ሲሏት አላገኘሁም እያለች ስትሸማቀቅ ሰነበተች፤ ሁለቱ ባለ ቅኔዎች ስለ ሕይወት ጥንተ ነገር ሲከራከሩ ካዳመጠች በኋላ ግን፣ በእንቅልፍና በንቃት መካከል ሳለች፣ የገጣጠመው አካል ሲንቀሳቀስ አይቶ የሚደነግጥ ወጣት ሊቅ ታያት። ይህ መቅድም የተጻፈው ከዚያ ሌሊት 15 ዓመት በኋላ፣ አሳታሚው የመጽሐፉን ጥንተ ታሪክ ንገሪን ባላት ጊዜ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። የዕለት ማስታወሻዋና ረቂቋ የሚናገሩት ከዚህ የሰፋ ነው። እናቷ ሜሪ ዎልስቶንክራፍት እርስዋን በወለደች በ11ኛው ቀን ሞታለች፤ የመጀመሪያ ልጇም በ1815 ዓ.ም. ያለ ጊዜዋ ተወልዳ ሳትቈይ ስትሞትባት፣ ሕፃኒቱ በርዳ ብቻ ስለ ነበረ በእሳት ዳር ሲያሹአት ነፍስ እንደ ዘራች በሕልሟ አይታ መጻፏ ይገኛል። ስለ ሙት መነሣት የሚናገር መጽሐፍ ከወዴት እንደ መጣ ለመረዳት፣ ከዲዮዳቲው ሌሊት ይልቅ ይህች አጭር የኀዘን ቃል ታበራለች። ከዲዮዳቲው በጋ በኋላ በመጣው መጸውም የሃምፍሪ ዴቪን የኬሚስትሪ መጽሐፍ አነበበች፤ ረቂቁን ፐርሲ በኅዳጉ እያረመላት ቀጠለች፤ ሦስተኛ ልጇን ፀንሳ ሳለች በግንቦት 1817 ጽሕፈቱን ፈጸመች። ረቂቁ የተጻፈባቸው ደብተሮች ዛሬ በኦክስፎርድ በቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ፤ ስርዝ ድልዙን ያየ ሰው ያን መጽሐፍ የአንዲት ሌሊት ራእይ ነው ለማለት አይደፍርም። «ፍራንከንስታይን» በጥር 1818 ያለ ደራሲ ስም በ500 ቅጂ ወጣ። ፖሊዶሪም ባይረን ጀምሮ የተወውን ቍራጭ መነሻ አድርጎ በጻፈው፣ በ1819 ዓ.ም. በታተመው አጭር ታሪኩ፣ ደም መጣጩን ከገጠር መቃብር አውጥቶ የከተማ መኰንን አደረገው፤ ዛሬ በፍቅር ልብ ወለድ የሚታየው መልከ መልካምና አደገኛ ፍጡር ትውልዱ ከዚህ ይቈጠራል።

ከመናፍስቱ ጋራ ፍቅርን ከሁሉ በላይ ያጣመረችው ግን፣ ከዓለም ርቃ በዮርክሺር ገጠር በሃወርዝ የኖረችው የቄስ ልጅ ኤሚሊ ብሮንቴ ናት። አባታቸው በ1826 ዓ.ም. ለወንድሟ ያመጣለትን የእንጨት ወታደሮች መነሻ አድርገው አራቱ ልጆች ምናባዊ መንግሥታት ሲመሠርቱ፣ በጥቃቅን ደብተር ላይ ታሪካቸውን ሲጽፉ አደጉ፤ ሦስቱ እኅትማማቾች ካደጉ በኋላም ሥራው ሁሉ ሲያልቅ ማታ ማታ የምግብ ጠረጴዛውን እየዞሩ የጻፉትን እርስ በርሳቸው ማንበብ ልማዳቸው ነበር። በ1847 ዓ.ም. በወንድ ስም የታተመው የኤሚሊ «ዉዘሪንግ ሃይትስ»፣ የሞተችው ወዳጁ መንፈሷ ሕይወቱን ሁሉ የምታሳድደውን ሰው ታሪክ የሚናገር ሲሆን፣ ያደገው በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ነው። በደብሊን የኖረው ሼሪዳን ሌፋኑ ደግሞ ሚስቱ በ1858 ዓ.ም. ከሞተችበት ወዲህ ከሰው ተለይቶ፣ እንደ ልጁ ምስክርነት፣ ሌሊት በአልጋው ላይ በሁለት ሻማ ብርሃን ወፍራም ሻይ እየጠጣ ይጽፍ ነበር፤ በ1872 ዓ.ም. በመድበል የታተመችው «ካርሚላ»፣ ፍቅርና ደም መጣጭነት የማይለዩባት ታሪክ፣ የዚያ ብቸኝነት ውጤት ናት።

ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን በ1885 ዓ.ም. በቦርንመዝ ታሞ ተኝቶ ሳለ በእንቅልፉ ቢጮኽ ሚስቱ ቀሰቀሰችው፤ እርሱም መልካም የሚያስፈራ ተረት እያለምሁ ለምን ቀሰቀስሽኝ ብሎ ወቀሳት። ሰው ሁሉ የሚያወራው እስከዚህ ያለውን ነው። ከዚህ በኋላ ግን፣ እንደ እንጀራ ልጁ ምስክርነት፣ በሦስት ቀን የጻፈውን ረቂቅ ሚስቱ ምሳሌነቱን አሳንሰኸዋል ብላ ብትነቅፈው እሳት ውስጥ ጣለው፤ እንደ ገናም ከመጀመሪያው ጀምሮ ጻፈው፤ ከዚያም ሲያርም ሳምንታት ቈየ። ስለ ሕልሞቹ በ1888 ዓ.ም. በጻፈው ሐተታ፣ በእንቅልፉ የሚሠሩለት ጥቃቅን መናፍስት ገንዘብ በሚያስፈልገው ጊዜ ይልቁን እንደሚተጉ በጨዋታ መልክ መናገሩ፣ ከሌሎቹ ሁሉ ቅን ያደርገዋል።

የትጋቱን ነገር ከሁሉ በላይ የሚመሰክረው ግን የብራም ስቶከር ደብተር ነው። ስቶከር በ1847 ዓ.ም. በደብሊን አጠገብ ተወልዶ፣ እስከ ሰባት ዓመቱ ድረስ በሕመም ከአልጋ ሳይነሣ የቈየ ልጅ ነበር፤ እናቱም በ1832 ዓ.ም. በስላይጎ ስለ ገባው የኮሌራ ቸነፈር የምትነግረውን እየሰማ አደገ። ከ1878 ዓ.ም. ጀምሮ በለንደን የላይሲየም ቲያትር ሥራ አስኪያጅ ሆኖ፣ የታላቁን ተዋናይ የሄንሪ ኧርቪንግን ደብዳቤ ሲመልስ፣ ሒሳቡን ሲቈጣጠር፣ በጕዞው ሲከተለው ይኖር ስለ ነበረ፣ ለራሱ ድርሰት የሚተርፈው የዕረፍት ጊዜው ብቻ ነበር። ስለ እርሱም ብዙ የባሕር ሸርጣን በልቶ ባደረበት ሌሊት በመጣበት ቅዠት «ድራኩላ»ን አገኘ የሚል የቤተ ሰብ ወግ አለ፤ በመጋቢት 1890 በተጻፈው በመጀመሪያው ማስታወሻውም ሴቶች አንድን ወጣት የሚቀርቡበት ትዕይንት ስለሚገኝ፣ ወጉ ከእውነት ጨርሶ የራቀ ላይሆን ይችላል። ከዚያ ቅዠት እስከ መጽሐፉ መታተም ግን ሰባት ዓመት አለፈ።

በዚያው በ1890 ዓ.ም. በጋ ስቶከር በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ ባሕር ዳር ወደምትገኘው ወደ ዊትቢ ወርዶ ሰነበተ። በዚያም ከከተማይቱ ቤተ መጻሕፍት የዊልያም ዊልኪንሰንን በ1820 ዓ.ም. የታተመ የዋላኪያና የሞልዳቪያ ታሪክ ተውሶ፣ ድራኩላ የሚለውን ስም ከነመደርደሪያ ቍጥሩ መዘገበ፤ እስከዚያ ድረስ የታሪኩን ደም መጣጭ መኰንን ቫምፒር ብሎት ነበርና ሰርዞ አዲሱን ስም ጻፈ። የአሮጌዎቹን ዓሣ አጥማጆች አነጋገር ቃል በቃል ለቀመ፤ በገደሉ ላይ ካለው ቤተ ክርስቲያን ቅጽር የመቃብር ድንጋዮች ስሞችን ገለበጠ፤ ከባሕር ጠረፍ ጠባቂውም በ1885 ዓ.ም. ስለ ተሰበረው ስለ ሩስያው መርከብ ስለ ዲሚትሪ ጠይቆ ጻፈ፤ ይህም መርከብ በመጽሐፉ ዲሜተር ሆኖ ተገኘ። ስለ ትራንሲልቫንያ ሕዝብ እምነት የተማረው ከኤሚሊ ጄራርድ ጽሑፍ ነው፤ እንደ ራድክሊፍ እርሱም ያን አገር በእግሩ አልረገጠውም። ደም መጣጩ በመስታወት እንደማይታይና የመሳሰለውን ሕግ ሁሉ በዝርዝር አሰፈረ፤ የታሪኩን ቀናት በ1893 ዓ.ም. መቍጠሪያ ላይ አስቀምጦ፣ የባቡሮችን ሰዓት ሳይቀር ሰፈረ። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የማይታመነውን ነገር በሚታመን ነገር መካከል አስቀምጦ አንባቢን ለማሳመን ነበር። ሰው ሞቶ መነሣቱን የማያምን አንባቢ የባቡሩን ሰዓት ያምናል፤ ሰዓቱን ካመነ ደግሞ የቀረውን መከልከል ይቸግረዋል። መጽሐፉ በግንቦት 1897 ታተመ፤ ማስታወሻዎቹም ዛሬ በፊላደልፊያ በሮዘንባክ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ።

በእኛ ዘመን ይህ ወንዝ ወደ አሜሪካ ፈልሶ በዚያ ሰፍቷል። አን ራይስ በ1972 ዓ.ም. የአምስት ዓመት ልጇ በደም ካንሰር ከሞተችባት በኋላ፣ ቀድሞ ጽፋ ያስቀመጠችውን አጭር ታሪክ አንሥታ ሌሊት ሌሊት እየሠራች ወደ ልብ ወለድነት አሳደገችው፤ በ1976 ዓ.ም. በታተመው በዚያ መጽሐፍ ውስጥ የማታድግና የማታረጅ ሕፃን ደም መጣጭ መኖሯ፣ ከሜሪ ሼሊ የእሳት ዳር ሕልም ጋራ ያዛምደዋል። የሦስት ወንዶች ልጆች እናት የነበረችው ስቴፈኒ ማየርም ሰኔ 2 ቀን 2003 ዓ.ም. አንዲት ልጃገረድና አንድ ደም መጣጭ በሜዳ ላይ ስለ ፍቅራቸው ሲነጋገሩ በሕልሟ አይታ፣ ያን ትዕይንት በዕለቱ ጽፋ፣ ቀሪውን ልጆቿ ከተኙ በኋላ እየሠራች በሦስት ወር ያህል ጨርሳዋለች፤ በ2005 ዓ.ም. የታተመው መጽሐፏም ይህን የድርሰት ዘር በዓለም ሁሉ ወጣቶች እጅ አስገባው።

ሕልም በዚህ ሙያ ውስጥ ይህን ያህል የተከበረበት ምክንያት ሁለት ይመስለኛል። አንደኛው ዋልፖልን ያሳፈረው ነገር ነው፤ ማስተዋል ያለው ሰው ስለ መናፍስት ለምን ጻፍህ ቢባል፣ ወደድሁና ከማለት ተገለጠልኝና ማለት ይቀልለዋል፤ አንዲት ወጣት ሴት ይህን አስፈሪ ነገር እንዴት አሰብሽው ስትባልም ሕልሙ ከነቀፋ ይሸፍናታል። ሁለተኛው ምክንያት አንባቢው ራሱ ነው፤ ለሰባት ዓመት የባቡር ሰዓትና የመቃብር ድንጋይ ሲመዘግብ ከኖረ የቲያትር ቤት ሠራተኛ ይልቅ፣ ባንዲት ሌሊት የተነጠቀ ባለ ራእይ ደስ ስለሚያሰኘው፣ ደራሲው የሚጠየቀውን መስጠት ይለምዳል። ሕልም ብዙ ሰው ያልማል፤ ግዙፍ እጅ፣ የሚንቀሳቀስ ሬሳ፣ በሜዳ የቆሙ ሁለት ፍቅረኞች ያልታዩት እንቅልፋም የለም ለማለት ያስደፍራል። እነዚህን ሰዎች ከሌሎቹ ሕልመኞች የለያቸው፣ ከሕልሙ አስቀድሞ ብዙ ማንበባቸውና ማዘናቸው፣ ከሕልሙም በኋላ ከሌላ ሥራ የተረፈችውን የሌሊት ሰዓት አጥብቀው መያዛቸው ነው። ስለዚህ በዚህ ሙያ ለመሠማራት የሚያስብ ወጣት፣ የደራስያኑን መቅድም ከማንበቡ በፊት የስቶከርን ደብተርና የሜሪ ሼሊን ረቂቅ ቢመረምር፣ ለብዕሩ የሚጠቅመውን ትምህርት ከዚያ ያገኛል።